ልጄ «ስኪን ገዛሁ» አለኝ፤ ስኪን ምንድን ነው?

ጠያቂ፦ የማኪና ግርግር ሰፊ (ሐረር)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የሚያውቅ ይመልስልኝ፤ መሳቅ የፈለገም ይሳቅ፣ እኔም መጨረሻ ላይ ስቄያለሁ።

ጁገል ውስጥ ማኪና ግርግር ላይ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሐረርን ለማያውቅ፦ መንገዱ ስሙን ያገኘው ከእኛው የስፌት መኪና ድምፅ ነው። ደንበኛ ከሱቁ ጨርቁን ይገዛል፣ ዞር ብሎ እኔ ጋ ይለካል፣ ሻይ ጠጥቶ እስኪመለስ ብዙውን ጊዜ አልቆ ይጠብቀዋል። 22 ዓመት እዚያው በረንዳ ላይ ተቀምጫለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ለክርና ለዚፕ ያስቀመጥኩት 600 ብር ከስልኬ የለም። የተላከበትን ስም አየሁ፣ አላውቀውም። እናቱን ጠየቅኩ፣ የለችበትም። ትንሹ ልጄ 11 ዓመቱ ነው፣ አምስተኛ ክፍል። ገና ስጠራው አንገቱን ደፋ።

«ምን ገዛህበት?»

«ስኪን።»

አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ትንሽ እንግሊዝኛ ይሞክራል፤ ከመኪናው ቀና ብሎ «ጋሼ፣ ስኪን ማለት ቆዳ ነው» አለኝ። እውነት ለመናገር ትንሽ ቀለለኝ። ቆዳ ከሆነ ይሸጣል፣ ሐረር ደግሞ ለቆዳ ገበያ አይታማም። «የፍየል ነው የበሬ? የታል፣ አምጣው!» አልኩት። ልጁ ዓይኑን አፍጥጦ አየኝና «ስልክ ውስጥ ነው» አለኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጆሮዬን ጣልኩ። ማታ ከ1 ሰዓት ተኩል በኋላ የእናቱን አሮጌ ስልክ ይዞ ከክፍል ጓደኞቹ ጋር እየተነጋገረ ይጫወታል። እኔም የደንበኛ ልክ የምይዝበትን ደብተር አወጣሁና የሰማሁትን ሁሉ ጻፍኩ። አሁን ደብተሩ «ትከሻ 44፣ እጅጌ 60፣ ኑብ፣ ደረት 98፣ ላግ አረገብኝ፣ ወገብ 86፣ ኖክ ሆኛለሁ አንሱኝ» ይላል። በአንድ ምሽት ብቻ ኑብ፣ ላግ፣ ፒንግ፣ ሎቢ፣ ኖክ፣ ሉት፣ ቦት፣ ኤኤፍኬ፣ ጂጂ፣ ባን፣ ኦቢ፣ ሮበክስ ጽፌያለሁ። ሌላም ነበር፣ አልደረስኩበትም።

የባሰው ግን አማርኛ ሲያወራ ነው። እናቴ ከኛው ጋር ነው የምትኖረው። ማክሰኞ ማታ ለእራት ብትጠራው «እማማ ቆይ፣ ሞቻለሁ፣ አሁን እመለሳለሁ» አላት። እናቴ «በስመአብ በል!» ብላ ተነሥታ ቆመች። ክፉ አይንካው ስትል አመሸች።

እኔ ደንበኛ ሲከራከረኝ በአማርኛም በኦሮምኛም እከራከራለሁ፣ በሐረሪም ዋጋ እሰማለሁ። በገዛ ቤቴ የ11 ዓመት ልጅ ምን እንደሚያወራ አለማወቄ ከ600 ብሩ በላይ ከነከነኝ። አልመታሁትም። ብሩ ምን ሆነ? ስኪን ምንድን ነው? እነዚህ ቃላትስ ክፉ ናቸው ወይስ እንዲሁ ጨዋታ?

መልስ 1፦ ሳቢያን ጌም ቤት (ድሬዳዋ)

ወሪያ ሰፊው! አቦ ገደልከኝ፣ የፍየል ነው የበሬ!

ሳቢያን ላይ አራት ስክሪን ያለው ፕሌስቴሽን ቤት አለኝ። ቀን ከ7 እስከ 10 ሰዓት የድሬ ሙቀት ትልቁን ሰው ሁሉ ሲያስተኛ እኔ ጋ ያለው ልጅ ብቻ ነው የማይተኛው። ስክሪኑ ላይ ኳስ ይጫወታሉ (ካምፓኒው ከ2023 ጀምሮ የጨዋታውን ስም ቀይሯል፣ ልጆቹ ግን አሁንም ፊፋ ነው የሚሉት)፣ ተራ የሚጠብቁት ደግሞ ደረጃው ላይ ተደርድረው በስልክ ፍሪ ፋየር። በሦስት ቋንቋ ነው የሚጮኹት፦ «ኮቱ! ካሌ! ቶሎ ና ሪቫይቭ አርገኝ!» (ና፣ አንሣኝ ነው)። ይህን ሰምተህ ካልሳቅክ ድሬ አልመጣህም።

ልጅህ የሚጫወተው ከቃላቱ እንደገባኝ ፍሪ ፋየር ነው፣ በፈረንጅ ከ2017 ጀምሮ ያለ ነው። ቃላቱን አንድ በአንድ ከምነግርህ ጨዋታውን ልንገርህ፣ ቃላቱ ራሳቸው ይመጣሉ።

መጀመሪያ የሚሰበሰቡበት ቦታ ሎቢ ነው። የሆቴል እንግዳ መቀበያ በለው፣ ሁሉም ለብሶ አምሮ ቆሞ የሚጠባበቅበት። ከዚያ 50 ሰው ባንድ አውሮፕላን ይጫንና አንድ ደሴት ላይ በጃንጥላ ይወርዳል። ባዶ እጁን። እንደወረደ ቤት ለቤት እየገባ መሣሪያና መድኃኒት ይለቅማል፣ ያ የተለቀመው ሉት ነው። የሚፈቀድበት ክልል እየጠበበ ይሄዳል፣ ውጭ የቀረ ይጎዳል፣ እየተገፉ ይገናኛሉ። 10 ደቂቃ አካባቢ ነው፣ የመጨረሻው ሰው «ቡያ!» ይባልለታል። ፐብጂ የሚሉት ደግሞ በመቶ ሰው ነው፣ እሱ ረዘም ይላል። አራት ሆነው ሲገቡ ስኳድ ይባላል። ከስኳድ አንዱ ሲመታ ወዲያው አይሞትም፣ ይወድቅና በእንብርክክ ይድሃል፣ ኖክ ማለት ይሄ ነው። ጓደኛው ደርሶ ካነሣው ዳነ። ስለዚህ «ኖክ ሆኛለሁ አንሱኝ» ሲል ልጅህ ጓደኞቹ ይደርሱለት እንደሆን እያየ ነው። እውነቴን ነው፣ እኔ ጋ ማን ሰው ማን ራስ ወዳድ እንደሆነ የማውቀው በሱ ነው። ጓደኛውን ሳያነሣ ሉት የሚለቅም ልጅ አለ፣ ነገ ሲያድግ ማኅበር እንዳታስገባው።

ፒንግ ቁጥር ነው። ስልኩ ላከ፣ ባሕር ማዶ ያለው ኮምፒውተር መለሰ፤ በመካከል የጠፋው ጊዜ በሺህኛ ሰከንድ ሲቆጠር። 60 ከሆነ ሠርግ ነው። 200 ሲሆን ልጁ መሬት ይመታል። 999 ካየህ ኔትወርክ የለም ማለት ነው፣ ያኔ አታናግረው። በዚህ የተነሣ ሰውየው ሲንቀራፈፍና ሲዘል ላግ ይሉታል።

ኤኤፍኬ ከኮምፒውተር ዘመን የቀረ ነው፣ «ከኪቦርዱ ርቄያለሁ» እንደማለት። ስልክ ላይ ኪቦርዱ የታለ? ግን ቀርቷል። መብራት ሲሄድ፣ እናት ስትጠራ፣ ልጁ ኤኤፍኬ ነው፤ ሰውየው እዚያው ተገትሮ ይመታል። ጂጂ «ጥሩ ጨዋታ ነበር» ነው፣ ሲያልቅ እጅ እንደመጨባበጥ። ኑብ ጀማሪ፣ እንደ ስድብም ያገለግላል፣ ግን ቀላል ስድብ ነው፣ «አንተ ገና ነህ» ነው። ቦት ሰው የሌለበት በኮምፒውተር የሚንቀሳቀስ ተጫዋች ነው፣ ሰውን ቦት ካሉት ከኑብ ይብሳል። ባን ታገደ። አጭበርባሪ ሲገኝ አካውንቱ ይዘጋል።

አሁን ስኪን። ወንድሜ፣ ስኪን ልብስ ነው! ያንተው ሥራ! ለሰውየው የሚገዙለት ጃኬት፣ ሱሪ፣ ኮፍያ። ልብሱ ጉልበት አይጨምርም፣ ለሎቢ ነው፣ ለመታየት። (የጠመንጃ ስኪን ግን በፍሪ ፋየር ትንሽ ይጠቅማል፣ አንዱ ጉዳቱን ከፍ፣ አንዱ አጎራረሱን ፈጠን ያደርጋል። ልጆቹ ለዚያ የሚገዙም አሉ።) የሚገዛው ዳይመንድ በሚሉት የጨዋታው ገንዘብ ነው። እዚህ የውጭ ካርድ ያለው ቤተሰብ ጥቂት ስለሆነ ልጆቹ ብር ለደላላ ይልካሉ፣ ደላላው ዳይመንዱን ይሞላላቸዋል። ያላወቅከው ስም ደላላው ነው። ስኪኑ ከገባለት ዕድለኛ ነው፤ ብር ተቀብሎ የሚጠፋው ብዙ ነው።

የማኪና ግርግር ሰፊ

አቦ ልብስ?! እኔ ቁጭ ብዬ ለሰው ልጅ እየሰፋሁ ልጄ ስልክ ውስጥ ላለ ሰው ልብስ ይገዛል?

አሳይ አልኩት፣ አሳየኝ። ቀይ ካፖርት ነው፣ አንገትጌው የቆመ። አላጋነንም፣ ቅዱ ጥሩ ነው። ግን እጅጌው ከትከሻው የሚጋጠምበት ስፌት የለም! ብብቱን አዙረህ አሳየኝ ብለው «አባዬ ብብት አይታይም» አለኝ። 600 ብር፣ ብብት የሌለው ካፖርት።

መልስ 2፦ ዝም ብዬ አንባቢ

ስልኩን ቀምቶ መስበር ነው። እኛ ሜዳ ላይ ነው ያደግነው።

ሳቢያን ጌም ቤት

ሜዳ ላይ ነው ያደግነው፣ አዎ። እኔ በብይ ተበልቼ አባቴ ለሱፍ የሰጠኝን ሳንቲም አዲስ ብይ ገዝቼበት ተገርፌያለሁ። ያኔም «ተበላሁ» ስንል ማንም አልደነገጠም። ልጆቹ «ሞትኩ» የሚሉት የኛን «ተበላሁ» ነው።

መልስ 3፦ የከዚራ እናት (ድሬዳዋ)

ወንድሜ፣ እንዳልመቱት ሳነብ ደስ አለኝ። የሳቢያኑ ወንድማችን ያለው ሁሉ ልክ ነው፤ እኔ ግን ኑብና ላግ ብዙም አያስጨንቁኝም። ከሁሉም ቃል ያስቸገሩኝ ልጆቹ ምንም የማይመስሏቸው ሁለቱ ናቸው፦ «ፍሪ» እና «ፍሬንድ»።

ልጄ 12 ዓመቷ ነው፣ ሮብሎክስ ነው የምትጫወተው። ደብተርዎ ላይ «ሮበክስ» ብለው ጽፈዋል አይደል? የሮብሎክስ ገንዘብ ነው። ከካምፓኒው ሲገዛ 400 ሮበክስ በስልክ 4.99 ዶላር ነው፣ እኛ ጋ በደላላ ሲመጣ እሱ እንደ ቀኑ ነው። አንድ ቀን የሆነ ገጽ «ፍሪ ሮበክስ፣ የይለፍ ቃልሽን አስገቢ» አላት። አስገባች። በማግስቱ አካውንቷ የሷ አልነበረም። አንድ ዓመት ሙሉ ያሳደገቻቸው እንስሳት (በጨዋታው ውስጥ ናቸው፣ እኔም መጀመሪያ ድመት መሰለኝ)፣ የሠራችው ቤት፣ ሁሉም ሄደ። ሦስት ቀን አልበላችም። የማይታይ ነገር ጠፋ ብላ ትለቅሳለች ብዬ ልቆጣ ነበር፤ ከዚያ ራሴን የጠየቅኩት ዓመት ሙሉ የሠራሁት ጥልፍ ቢሰረቀኝ ምን እሆን ነበር ብዬ ነው። ነፃ ሮበክስ የሚያድል ማንም የለም፤ የሚያድል ካለ ሌባ ነው። «ትሬድ» የሚሉትም አለ፣ ዕቃ በዕቃ መለዋወጥ ነው፤ «መጀመሪያ አንቺ ስጪኝ» ያለ ሰው አይመልስም።

«ፍሬንድ» ደግሞ እኛ ጓደኛ የምንለው አይደለም። ዝርዝሯን ከፍተን ቁጭ አልን፣ አንድ በአንድ «ይቺ ማናት?» እያልኩ። በአካል የምታውቃቸው ሦስት ነበሩ። ሌሎቹን ጨዋታ ላይ አንዴ አብረው ሮጠው «አድ» ያደረገቻቸው ናቸው። አብዛኞቹ እንደሷ ልጆች ይሆናሉ። ይሆናሉ ነው ያልኩት። ከጨዋታው አውጥቶ «ና በሌላ መተግበሪያ እናውራ» የሚል ሰው ከመጣ ያኔ ስልኩን ለእኔ ትሰጣለች፣ በዚህ ተስማምተናል።

አሁን ጆሮዎን ይስጡኝ፣ ይህን ማንም አልነገረኝም። ሮብሎክስ በ2024 መጨረሻ ላይ ከ13 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ከጨዋታ ውጭ መልእክት እንዳይላላኩ ዘግቷል፣ ወላጅም የራሱን አካውንት ከልጁ ጋር አያይዞ መቆጣጠር ይችላል። ደስ ብሎኝ ልገባ ስል የልጄ አካውንት ምንም አልተዘጋም። ለምን? ስትመዘገብ የልደት ዓመቷን 2006 ብላ ሞልታዋለች። ትክክል ናት፣ የተወለደችው በ2006 ነው፣ በእኛ! ማሽኑ ግን በፈረንጅ ነው የሚያነበው። በፈረንጅ 2006 የተወለደ ሰው ዛሬ ጎረምሳ ነው፣ ዩኒቨርሲቲ ነው። ስለዚህ ልጄን እንደ ትልቅ ሰው ነበር የሚያስተናግዳት። አልዋሸችም፣ ካላንደሩ ነው የዋሸው። የልጅዎን ዛሬውኑ ይዩት።

መልስ 4፦ ሰንጋ በር 10ኛ ክፍል (ሐረር)

ጋሼ ሰላም ነዎት? የእርስዎን ሱቅ የማውቀው ይመስለኛል፣ ግን አልናገርም 😄

የቀረችዋን እኔ ልሙላ። ኦቢ የሮብሎክስ ቃል ነው፣ የመሰናክል ሩጫ ነው፤ ከድንጋይ ድንጋይ መዝለል፣ መውደቅ፣ እንደገና መጀመር። ስትወድቅ የምትመለስበት ቦታ ስፖን ይባላል። ማይንክራፍት የሚባለው ሌላ ጨዋታ ላይ ስፖንዎን የሚወስነው አልጋ ነው፤ አልጋ የሚሠራው ደግሞ በሦስት ሱፍና በሦስት ጣውላ። ሱፉን ከበግ ይሸልታሉ፣ በ16 ዓይነት ቀለም ይነክሩታል። ሰፊ ስለሆኑ ይወዱታል ብዬ ነው። እኔና የአክስቴ ልጅ የጁገልን አምስቱን በሮች እዚያ በብሎክ ልንሠራ ጀምረን ሰንጋ በር ላይ ተጣላን፣ አላለቀም። (ጁገል በዩኔስኮ የተመዘገበችው በፈረንጅ 2006 ነው፤ ሮብሎክስም የተከፈተው በ2006 ነው። እኩያ ናቸው እላለሁ፣ ታላቅ ወንድሜ ይስቅብኛል።)

ሮብሎክስ አንድ ጨዋታ አይደለም፤ ውስጡ ሰዎች ራሳቸው የሠሯቸው እጅግ ብዙ ጨዋታዎች አሉ። እንደ ገበያ ነው፣ አንዱን ትተው ሌላው ሱቅ ይገባሉ። እርስዎን የሚወክለው ሰውዬ አቫታር ነው።

ግን ዋናው የምነግርዎት ይሄ ነው፦ የፍሪ ፋየሩ ካፖርት ተገዝቶ ነው እንጂ አይሠራም። ሮብሎክስ ላይ ግን ሸሚዝና ሱሪ ሰው ራሱ መሥራት ይችላል። እንዴት መሰለዎት፣ ካምፓኒው አንድ ወረቀት ይሰጣል፣ 585 በ559 ነጥብ የሆነ ሥዕል። ወረቀቱ ላይ ሣጥኖች አሉ፦ መሐል ላይ ደረት፣ 128 በ128፤ በግራና በቀኝ ጎን፣ 64 በ128፤ ከዚያ ጀርባ፤ ከላይ ትከሻው፣ ከታች ሥሩ። ከሱ ዝቅ ብሎ የቀኝ እጅና የግራ እጅ ለየብቻ፣ እያንዳንዱ ፊት፣ ኋላ፣ ውስጥ፣ ውጭ አለው። ቀለም ቀብተው ሲያስገቡት ተጣጥፎ አቫታሩ ላይ ይጠለቃል። የማይንክራፍት ስኪን ደግሞ 64 በ64 ብቻ ነው፣ በጣም ትንሽ፣ አንድ ዓይን ሁለት ነጥብ ነው።

እኔ የአያቴን አትላስ (የሐረሪ ባህላዊ) ቀሚስ አይቼ አንድ ሠርቻለሁ። ቀለሙ አማረ፣ ግን ደረቱ ላይ ያለው መስመር ከጎኑ ጋር አልተገጣጠመም፣ ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። ሸሚዝ ለማስገባት 10 ሮበክስ ይከፈላል፣ ስለዚህ ስህተት ባስገባሁ ቁጥር 10 ሄደ። ሀብታም እሆናለሁ ብሎ ልጅዎ ቢነግርዎት አይመኑት፤ ገንዘብ ለማውጣት በሽያጭ የተገኘ 30,000 ሮበክስ ይፈልጋል፣ ዕድሜም ቢያንስ 13። የኔ ሸሚዝ የተሸጠው ሁለት ጊዜ ነው፣ አንዱን የገዛው ወንድሜ ነው።

የማኪና ግርግር ሰፊ

የሰንጋ በሯ ልጅ፣ እግዜር ይስጥሽ። ሱቄን ካወቅሽው ግቢና ሻይ ጠጪ።

እንዲህ ሆነ። እሑድ ከቤተክርስቲያን መልስ ያልሽውን ወረቀት አውርድ አልኩት፣ አወረደ። ሳየው ዝም አልኩ። ይሄ እኮ ቅድ ነው! ሰው ተዘርግቶ። እኔ ጨርቅ ላይ በሳሙና የማሰምረውን እነሱ ወረቀት ላይ አስምረውታል። ደረት፣ ጎን፣ ጀርባ፣ ጎን ተከታትለው መጥተው ዞረው ይገጥማሉ። ጎኑ የደረቱ ግማሽ ነው። ሰውየው ሣጥን ነው እንጂ ሰው አይደለም፣ ግን ቅዱ ቅድ ነው።

«አባዬ ምን ሆንክ?» አለኝ።

ጋዜጣ አመጣሁ። 128ቱን 12.8 ሳንቲም አድርጌ አሰመርኩ፣ ቆረጥኩ፣ አጣጠፍኩና በስኮች ያዝኩት። ጠረጴዛው ላይ ቆመ፣ እጅና ጭንቅላት የሌለው ሰውዬ። ልጄ ስልኩን አስቀመጠ። (ይህን ጻፉልኝ፣ ራሱ ነው ያስቀመጠው።) «ይሄንን እንዴት አወቅከው?» ይላል ደጋግሞ። 22 ዓመት ምን የምሠራ ይመስለው ነበር?

የመስመሩ ነገር ደግሞ ይኸውልሽ። ባለ መስመር ጨርቅ ስንቀድ ከደረት አንጀምርም፣ ከመጋጠሚያው ነው የምንጀምረው። የደረቱን የቀኝ ጫፍና የጎኑን የግራ ጫፍ እኩል አድርጊ፣ መስመሩ እዚያ ላይ ይግጠም፣ ትርፉ መሐል ይቅር። መሐሉን ማንም አይለካብሽም። ትከሻ ላይ ግን በፍጹም አይገጥምልሽም፣ የሰውም አይገጥምም፣ እዚያ ላይ አንገትጌ ወይም ሌላ ቀለም አድርጊና ደብቂው። እኛም የምናደርገው እሱን ነው፣ ለደንበኛ አንናገርም እንጂ።

የከዚራዋ እናት፣ የሮብሎክስ አካውንቱን ከፈትን። 2007 ብሎ ሞልቶታል። ስልኩ ውስጥ ልጄ አብሮኝ ከሚሠራው ልጅ እኩያ ነው! እሱን ለማስተካከል እየታገልን ነው። የጓደኛ ዝርዝሩንም አየን፤ አንዱ «ማን ነው?» ብለው ጎረቤት ያለው የባለ ሱቁ ልጅ ሆኖ ተገኘ፣ ስሙ ግን «ድራጎን» ነው። ሌሎቹን አምስት አወጣናቸው። አንዱ ላይ ትንሽ ተከራከረኝ።

600 ብሩ ዕዳ ነው ተባብለናል። ከትምህርት መልስ ቁልፍ ይተክላል፣ አንዱን በ2 ብር፣ 300 ቁልፍ ማለት ነው። እስከ ትናንት 41 ደርሷል፣ ሰባቱን ፈትቼ አስደግሜዋለሁ። ትናንት የታችኛው ክር ተጠላልፎ መኪናዬ ቀጥ ሲልብኝ ከኋላዬ «አባዬ፣ ላግ አረገብህ» ይለኛል። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ከወንበሩ ሊወድቅ ነበር። አሁን እነ እንቶኔም ክር ሲበጠስ ላግ ማለት ጀምረዋል፣ መንገዱ በሙሉ ሊለምደው ነው።

እናቴ ጋ ያለው ነገር ብቻ አልተፈታም። የሳቢያኑ ወንድሜ ባለው መሠረት «ሞትኩ አትበል፣ ተበላሁ በል» ብዬ ተስማማን። ሐሙስ ማታ እራት ቀርቦ ስትጠራው ከጓዳ «እማማ መጣሁ፣ ተበላሁ!» አላት። እናቴ ማማሰያዋን እንደያዘች ወደ በሩ ሮጣ ሄደች፦ «ማን በላህ? ጅብ ገባ እንዴ?»

አሁን ሌላ ጥያቄ። ሸሚዝ ጀምረናል፣ የድሮ ነጭ ሸሚዝ፣ ኪሱ ላይ ሜትር የተንጠለጠለበት፤ ሰውዬው ልብስ ሰፊ እንዲሆን ልጄ ነው የፈለገው። ማስገቢያው 10 ሮበክስ ብቻ ነው። በድሬም በሐረርም ያላችሁ፣ ያ 10 ሮበክስ ብር ተቀብሎ ከማይጠፋ ሰው የት ነው የሚገዛው?